ካሜራን ሳይጎዱ ማጽዳት፦ ከሌንስ እስከ ሴንሰር

‹‹ፎቶዎቼ ላይ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣል። ሌንሱን ብወለውል ብወለውል አልጠፋ አለኝ።››

ካሜራ ካላቸው ወዳጆቼ በብዛት የምሰማው ይህን ነው። ሌንሱ በሸሚዝ ጫፍ፣ በሶፍት፣ አንዳንዴም በነጠላ ተወልውሏል። ነጠብጣቡ ግን መጀመሪያውኑ ሌንሱ ላይ አልነበረም፤ ብርሃን ተቀብሎ ፎቶውን የሚሠራው የውስጡ ሴንሰር ላይ ነበር። አሁን ነጠብጣቡም እንዳለ አለ፣ ሌንሱም ተጭሯል።

ልስቅባቸው አልችልም። ሁለተኛ እጅ የገዛኋት ካኖን 5ዲ ማርክ 2 ዛሬም አብራኝ ትሠራለች። ያሉባት ጭረቶች ግን አብዛኞቹ የእኔ የጽዳት ታሪክ ናቸው። አቧራው ብቻውን ያን ያህል አልጎዳትም፤ እኔ አቧራውን አነሳለሁ ስል ነው የጎዳኋት። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ በአንድ ሕግ ይመራል፦ በትንሹ ከሚነካው ዘዴ ጀምሩ፤ ከሠራ እዚያው አቁሙ።

መመሪያው ሌንሱ ለሚፈታ ዲጂታል ካሜራ ሁሉ ያገለግላል። የምናገረው በ5ዲ ምሳሌ ነው። ኒኮን ወይም መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራ ላይ የሚለየውን በየቦታው እጠቅሳለሁ።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

1. ብሎወር። በእጅ የምትጨመቅ የጎማ መንፊያ ናት። ትልቋን ግዙ፤ ትንሿ አቅም የላትም። አዲስ ከሆነች ከካሜራው ራቅ ብላችሁ ከ20 እስከ 30 ጊዜ ጭመቋት። ውስጧ የጎማ ዱቄት ሊኖር ይችላል፤ ካላስወጣችሁት ሴንሰሩ ላይ ያርፋል።
2. ለስላሳ ብሩሽ። ለሌንስና ለውጭ አካሉ ብቻ። ፀጉሩን በጣት አትንኩት፤ የጣት ቅባት ይዞ ሌንሱን ይቀባል።
3. ሁለት ማይክሮፋይበር ጨርቅ። አንዱ ለሌንስ፣ ሌላው ለአካሉ። አይቀላቀሉ። ቀለማቸው ቢለያይ ይመረጣል።
4. የሌንስ ማጽጃ ፈሳሽ።
5. የሴንሰር ስዋብ፣ ማለትም ጫፉ ጨርቅ የለበሰ ጠፍጣፋ መጥረጊያ። ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር) ለሆነ ካሜራ 24 ሚሊሜትር፣ ኤፒኤስ-ሲ (አነስ ያለ ሴንሰር) ለሆነ 16 ሚሊሜትር ስፋት ያለው። መጠኑን ሳታረጋግጡ አትግዙ። ሰፊው ስዋብ ትንሹ ሴንሰር ላይ ጠርዙን እየገጨ ቆሻሻ ወደ መሐል ይጎትታል።
6. ለሴንሰር ተብሎ የተሠራ ፈሳሽ።
7. ሙሉ የተሞላ ባትሪ። ይህን ቀላል አታድርጉት፤ ለምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ ታዩታላችሁ።

ከጠረጴዛው የምታርቁት

ሶፍት፣ ጥጥ፣ የመነጽር መጥረጊያ ተብሎ ኪስ ውስጥ የከረመ ጨርቅ፣ ሽቶ፣ አረቄ። አዎ፣ አረቄ። ‹‹አልኮል አይደል እንዴ?›› ብሎ የሞከረ ሰው አውቃለሁ። ከፋርማሲ የምንገዛው 70 ፐርሰንት አልኮልም ለቁስል እንጂ ለሴንሰር አይሆንም፤ ቀሪው አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ሲደርቅ ምልክት ይተዋል።

ለኮምፒውተር ማጽጃ የሚሸጠውን በቆርቆሮ የታሸገ ጋዝም አርቁ። ቆርቆሮው ሲዘነበል ፈሳሽ ሆኖ ይወጣና ሴንሰሩ ላይ ይቀዘቅዛል። እሱን ማስለቀቅ ከአቧራው ይብሳል።

በአፍ እፍ ማለትም ክልክል ነው። አንዲት የምራቅ ጠብታ ብትበቃስ?

ቦታና ሰዓት

ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። መስኮት ዝጉ። ግማሽ ሰዓት ጠብቁ፤ በአየር ላይ የሚንሳፈፈው አቧራ ይረፍ። ጋቢ፣ ነጠላና የሱፍ ሹራብ አውልቁ፤ ብናቸው ይረግፋል። እጃችሁን ታጠቡ።

ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጨስበት ቤት ካሜራ አትክፈቱ። የቡናው ጢስ ቅባት አለው፤ ሌንስ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ ይቀራል። እኔ ‹‹ሌንሴ አረጀ፣ ፎቶው ደበዘዘ›› ብዬ ልሸጠው ደርሼ ነበር። ለካ ካሜራው የሚቀመጠው ከረከቦቱ አጠገብ ነው።

ደረጃ 1፦ ችግሩ የት እንዳለ እወቁ

ይህን ደረጃ የሚዘል ሰው ነው ንጹሑን ሌንስ ሲፈገፍግ የሚውለው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

1. ካሜራውን አፐርቸሩን ራሳችሁ የምትመርጡበት ኤቪ ሞድ ላይ አድርጉ። አይኤስኦ 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 22።
2. ፎከሱን ወደ ማኑዋል ቀይሩና እስከ መጨረሻው ርቀት አዙሩት።
3. ነጭ ወረቀት ወይም ባዶ ነጭ ገጽ የተከፈተበት ኮምፒውተር ፊት ቅረቡ። አንድ ስንዝር ያህል ይበቃል። ገጹ መደብዘዙ ችግር የለውም፤ እንዲደበዝዝ ነው የምንፈልገው።
4. የብርሃን ማስተካከያውን +1 ላይ አድርጉ። አለበለዚያ ነጩ ግራጫ ሆኖ ይወጣል።
5. ፎቶ አንሱ፤ ሹተሩ (ከሴንሰሩ ፊት ያለው መጋረጃ) ክፍት ሳለ ካሜራውን ቀስ አድርጋችሁ አወዛውዙት። ወረቀቱ ላይ ያለ ቆሻሻ ይሟሟል። ሴንሰሩ ላይ ያለው አቧራ ግን አብሮ ስለሚንቀሳቀስ ቁልጭ ብሎ ይቀራል።
6. ፎቶውን ኮምፒውተር ላይ 100 ፐርሰንት አጉልታችሁ ከጥግ እስከ ጥግ ተመልከቱ።

ኤፍ 22 የተመረጠው ቀዳዳው ሲጠብ የአቧራው ጥላ ስለሚጠራ ነው። በኤፍ 2.8 የሰው ፊት ስታነሱ ምንም ሳይታይ፣ የሰማይ ፎቶ በኤፍ 16 ስታነሱ ነጠብጣብ የሚዘንበው ለዚህ ነው።

አሁን ፍረዱ።

ሌንስ ቀይራችሁም ነጠብጣቡ እዚያው ቦታ ካለ ሴንሰሩ ላይ ነው። ወደ ደረጃ 4 ሂዱ።

በቪውፋይንደር (ዓይናችሁን በምታስጠጉበት ቀዳዳ) ስታዩ ብቻ የሚታይና ፎቶው ላይ የሌለ ከሆነ፣ ምስሉን ወደ ቀዳዳው የሚያንጸባርቀው የውስጡ መስታወት ወይም ከላዩ ያለው የፎከስ ስክሪን ላይ ነው። ተዉት። ፎቶ ላይ አይወጣም። ስክሪኑ ፕላስቲክ ነው፤ በቀላሉ ይጫራል። መስታወቱም ፊቱ ላይ ያለው ሽፋን እጅግ ስስ ነው። እልህ ይዟችሁ እንዳትነኩት።

ፎቶው በሙሉ ጭጋግ የለበሰ ከመሰለ ችግሩ ሌንሱ ነው። ደረጃ 3።

ሦስት ወይም አራት ደቃቅ ነጠብጣቦች በኤፍ 22 ብቻ ከታዩና በኤፍ 11 ከጠፉ ካሜራው ንጹሕ ነው። ዝጉትና ቡናችሁን ጠጡ። ፍጹም ንጹሕ ሴንሰር ፍለጋ ነው ብዙ ሴንሰር ያበላሸው።

ደረጃ 2፦ የውጭ አካሉ

ካሜራውን አጥፉ። ባትሪውን አውጡ። ሌንሱ አይፈታ፤ ክዳኑም አይነሳ። መጀመሪያ በብሎወር ንፉ፤ በተለይ በቁልፎቹ ዙሪያና ፍላሹ በሚሰካበት ቦታ። ከዚያ በብሩሽ ጥረጉ። ከዚያ በጨርቅ። ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፤ አሸዋ ሳይራገፍ ጨርቅ ካረፈበት ጨርቁ ብርጭቆ ወረቀት ሆነ ማለት ነው።

የላብ ጨው የያዘ ወይም ከዳሎል የተመለሰ ካሜራ ከሆነ ጨርቁን በንጹሕ ውሃ አርጥባችሁ አጥብቃችሁ ጭመቁት፣ ጥረጉበት፣ ወዲያው በደረቅ ድገሙት። እዚያ ያለው ጨውና የአሲድ ትነት ብረት ይበላል፤ ለነገ አታሳድሩት።

ደረጃ 3፦ ሌንስ

1. ሌንሱን ወደ ታች ደፍታችሁ በብሎወር ንፉ። አሥር ጊዜ ያህል።
2. እዩት። ከጠራ አቁሙ።
3. የተጣበቀ ነገር ካለ በብሩሽ ጫፍ ብቻ ቀስ አድርጉ። ድጋሚ ንፉ።
4. የጣት አሻራ ወይም ቅባት ከቀረ አንድ ወይም ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ጨርቁ ላይ አድርጉ። ሌንሱ ላይ በጭራሽ አታንጠባጥቡ። ፈሳሹ በጠርዙ ሰርጎ ይገባል፤ ውስጥ ከገባ የምታወጡበት መንገድ የለም።
5. ከመሐል ጀምራችሁ እየዞራችሁ ወደ ጠርዝ ውጡ። ክብደት አትጫኑ።
6. በጨርቁ ደረቅ ወገን አንዴ ድገሙት።

የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ስስ ምልክት ከቀረ ፈሳሹ በዝቷል። ደረቅና ንጹሕ የጨርቅ ጥግ ይዛችሁ ድገሙት። በሁለተኛውም ካልለቀቀ ጨርቁ ራሱ ቅባት ይዟል። በሳሙና እጠቡት፣ በደንብ አለቅልቁት፣ ለስላሳ ማድረጊያ የሚባለውን አትጨምሩበት።

ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ ጭረት ፎቶ ላይ እምብዛም አትታይም። አያስጨንቃችሁ። ካሜራው በሚሰካበት በኩል ያለው የኋላ መስታወት ግን ንጹሕ መሆን አለበት፤ እዚያ ያለ አሻራ ፎቶውን ቶሎ ያበላሻል።

ወርቃማ የሆኑትን የኋላ መገናኛ ነጥቦች በደረቅ ጨርቅ ብቻ ወልውሉ። ካሜራው ከሌንሱ ጋር መገናኘት አቃተኝ የሚል መልእክት ሲያወጣ ብዙ ጊዜ መፍትሔው ይህቺው ናት።

ደረጃ 4፦ ሴንሰሩን በአየር

መጀመሪያ ካሜራው ራሱ ይሞክር። 5ዲ ማርክ 2 ሲበራና ሲጠፋ ሴንሰሩን አንቀጥቅጦ አቧራ ያራግፋል። አምስት ስድስት ጊዜ አብርታችሁ አጥፉና ደረጃ 1ን ድገሙ። ካልሠራ ቀጥሉ።

1. ባትሪው ሙሉ መሆኑን አረጋግጡ። መስታወቱንና ሹተሩን ከፍቶ የያዘው ኤሌክትሪክ ነው። መሐል ላይ ባትሪ ካለቀ ሹተሩ እጃችሁ ላይ ይዘጋል፣ ይቆረጣልም። ኒኮን ባትሪው ካነሰ የማጽጃ ትእዛዙን ግራጫ አድርጎ ይከለክላችኋል። ‹‹ለምን እንቢ አለኝ?›› ለምትሉ መልሱ እሱ ነው።
2. ሌንሱን ፍቱ። ሜኑ ውስጥ ሴንሰር ክሊኒንግ፣ ከዚያ ክሊን ማኑዋሊ የሚለውን ምረጡ። መስታወቱ ይነሳል፣ ሹተሩ ይከፈታል።
3. በቢ ሞድ (ቁልፉ እስኪለቀቅ ሹተሩ ክፍት በሚቆይበት) የፎቶ ማንሻውን ቁልፍ በጣት ተጭናችሁ ይዛችሁ አታጽዱ። በየቦታው ሲደረግ አያለሁ። ጣት አንድ ጊዜ ቢያዳልጥ ሹተሩ ይዘጋል።
4. ካሜራውን ወደ መሬት ደፍታችሁ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት። አቧራው ወደ ታች እንዲወድቅ ነው።
5. የብሎወሩ ጫፍ ሌንስ ከሚሰካበት ቀለበት ወደ ውስጥ አይለፍ። አሥር ጊዜ በኃይል ጭመቁ።
6. ካሜራውን አጥፉ፤ መስታወቱ ይመለሳል። ሌንሱን ስኩ፣ ደረጃ 1ን ድገሙ።

መስታወት አልባ ካሜራ ላይ ሴንሰሩ ሌንሱ እንደተፈታ ፊት ለፊት ይታያል። አንዳንዶቹ ሲጠፉ የሹተሩን መጋረጃ ይዘጋሉ። መጋረጃው እጅግ ስስ ነው፤ ዝግ ከሆነ አየርም አትንፉበት። በሜኑው ከፍታችሁ ብቻ ሥሩ።

ደረጃውን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሙ። የእኔ ካሜራ ከአሥር ጊዜ ስምንቱን እዚህ ላይ ይጠራል። ወደሚቀጥለው የምትሄዱት ነጠብጣቡ ከቦታው ንቅንቅ ካላለ ነው። ክብ ሆኖ መሐሉ ፈካ ያለ ነጠብጣብ ዘይት ሊሆን ይችላል፤ እሱን አየር አያነሳውም።

ደረጃ 5፦ ሴንሰሩን በስዋብ

በእውነቱ የምትነኩት ሴንሰሩን ሳይሆን ከፊቱ ያለውን የመስታወት ማጣሪያ ነው። ያ ግን አያዝናናችሁ። እሱ ከተጫረ ማስቀየሪያው ከአሮጌ ካሜራ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

መጀመሪያ ነጠብጣቡ የት እንዳለ አስሉ። ፎቶው ላይ ከላይ ያለው ሴንሰሩ ላይ ከታች ነው። ካሜራውን ከፊት ለፊት ስታዩት ግራው ግራ፣ ቀኙም ቀኝ ነው፤ የሚገለበጠው ላይና ታቹ ብቻ ነው። ፎቶው ላይ ከላይ በግራ የታየ ነጠብጣብ፣ ሴንሰሩን ስታዩ ከታች በግራ ይገኛል።

1. ደረጃ 4ን ሠርታችሁ በአየር መንፋታችሁን አረጋግጡ። ደረቅ ቅንጣት ሳይነሳ ስዋብ ማሳረፍ ቅንጣቱን ይዞ መፈግፈግ ነው።
2. ሌንሱን ፍቱና ካሜራውን በጀርባው ጠረጴዛ ላይ አስተኙ። ጭንቅላት ላይ የሚታሰር መብራት ካላችሁ እሰሩ፤ ሁለት እጅ ያስፈልጋችኋል።
3. ስዋቡን ከመጠቅለያው አሁን አውጡ፤ ቀድማችሁ አትክፈቱ። ጫፉን አትንኩ።
4. ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ጫፉ ላይ አድርጉ። አሥር ሴኮንድ ጠብቁ፤ ይምጠጠው። እርጥብ ይሁን እንጂ የሚንጠባጠብ አይሁን።
5. ደረጃ 4 ላይ እንዳያችሁት ክሊን ማኑዋሊን ምረጡ።
6. ስዋቡን በአንደኛው ዳር አሳርፉ። እጀታው በትንሹ እስኪጎብጥ ብቻ ተጫኑ፤ በብዕር ስትጽፉ ከምትጫኑት አይበልጥ።
7. ከዳር እስከ ዳር በአንድ ትንፋሽ ጎትቱ። መሐል ላይ አትቁሙ፣ አታንሱ፣ አትመለሱ።
8. ስዋቡን ገልብጡ። ባልነካው ፊቱ ከደረሳችሁበት ዳር ወደ መነሻው ጎትቱ።
9. ስዋቡን ጣሉ። ውድ ነው፣ አውቃለሁ። አሁንም ጣሉት። እኔ አንዱን ስዋብ ለሁለተኛ ጊዜ ተጠቅሜ የተከለው ጭረት እስከ ዛሬ በኤፍ 16 ሰማይ ባነሳሁ ቁጥር ሰላም ይለኛል።
10. ካሜራውን አጥፉ፣ ሌንሱን ስኩ፣ ደረጃ 1ን ድገሙ።

ሲበላሽ

የፈሳሽ ምልክት ከቀረ ጠብታው በዝቷል። በአዲስ ስዋብ፣ በአንድ ጠብታ ድገሙ።

ነጠብጣቡ ከመሐል ወደ ጥግ ከሄደ ጥሩ ምልክት ነው፤ ለቋል ማለት ነው። በአየር ሞክሩት።

ነጠብጣቡ ከበፊቱ ከበዛ ስዋቡ የጎኑን ግድግዳ ነክቶ ቅባት አምጥቷል። በአዲስ ስዋብ ድገሙ፤ ግድግዳውን አትንኩ።

በሦስት ስዋብ ካልጠራ አቁሙ። አራተኛው ካሜራውን አያጸዳም፤ እናንተን ብቻ ያበሳጫችኋል። የተበሳጨ እጅ ደግሞ ይጫናል።

ክረምት፦ ሻጋታ

ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው እርጥበት የሌንስ ጠላት ነው። የካሜራ ቦርሳ ደግሞ፣ በተለይ የቆዳው፣ እርጥበት ያቁራል። ክረምቱን በቦርሳ የከረመ ሌንስ መስከረም ላይ የሸረሪት ድር አብቅሎ ይጠብቃችኋል።

1. በደንብ የሚገጥም ክዳን ያለው ፕላስቲክ ሳጥን አዘጋጁ።
2. እርጥበት የሚመጥና ሲጠግብ ቀለሙን የሚቀይር ሲሊካ ጄል ጨምሩ። ብርቱካናማውን ምረጡ፤ ሰማያዊው መርዛማ የኮባልት ውህድ ስላለበት ከምግብ ዕቃ ጋር አይገናኝ።
3. ትንሽ የእርጥበት መለኪያ ውስጡ አስቀምጡ። ከ40 እስከ 50 ፐርሰንት ይሁን። ከ60 ካለፈ ሻጋታ ይመቸዋል።
4. ጄሉ ቀለሙን ሲቀይር በኦቨን 120 ዲግሪ ላይ ሁለት ሰዓት ያህል አድርቁት። ምጣድ ላይ አትቁሉት፤ ሙቀቱ ይበዛበታል።
5. በወር አንድ ጊዜ ሌንሱን በስልክ መብራት አሳልፋችሁ ተመልከቱ። ካሜራውንም አውጥታችሁ አንሱበት።

ድር የመሰለ ክር ካያችሁ ያንን ሌንስ ከሌሎቹ ለዩ፣ ለባለሙያ ውሰዱ። ‹‹ፀሐይ ይገድለዋል›› ብላችሁ ቀኑን ሙሉ በረንዳ ላይ አታስጡት። ሙቀቱ የሌንሱን ግሪስ አቅልጦ የአፐርቸሩ ቅጠሎች ላይ ያፈሰዋል። ሻጋታው የበላው ሽፋን ደግሞ አይመለስም።

ከቅዝቃዜ ወደ ሙቀት

ከሰሜን ተራሮች ሌሊት ወደ ሞቀ ክፍል ስትገቡ፣ ወይም ዱባይና ዶሃ ያላችሁ ከኤሲ ክፍል ወደ ውጭው ወበቅ ስትወጡ፣ ሌንሱ ጤዛ ይለብሳል። ውስጡም ሊለብስ ይችላል። ከመውጣታችሁ ወይም ከመግባታችሁ በፊት ካሜራውን ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ አየር እንዳያስገባ ቋጥሩት። ከገባችሁ ወይም ከወጣችሁ በኋላ ሳትፈቱት አንድ ሰዓት ጠብቁ። ጤዛው ፌስታሉ ላይ ይሆናል። ረስታችሁ ጤዛ ከያዘው አትጥረጉት፣ ሌንስም አትፍቱ፤ ሙቀቱን እስኪለምድ ተዉት።

ውሃ ከገባበት

ጃንሜዳ በጥምቀት ጸበሉ ሲረጭ ካሜራዬ ሙሉ በሙሉ ራሰች። ውሃው አልገደላትም። የገደላት ‹‹ትሠራ ይሆን?›› ብዬ ማብራቴ ነው። ለጥገና ያወጣሁትን ገንዘብ አልነግራችሁም። እናንተ እንዲህ አድርጉ፦

1. ወዲያው አጥፉ። ጠፍታ ከነበረ አታብሩ።
2. ባትሪውንና ካርዱን አውጡ። የመጀመሪያዎቹ 30 ሴኮንዶች ሥራ ይህ ነው።
3. ውጩን በጨርቅ ተጭናችሁ አድርቁ፤ አትፈግፍጉ።
4. ከዚያ በኋላ ሌንሱን ወደ ታች ደፍታችሁ ፍቱ።
5. የባትሪውንና የካርዱን በር ክፍት ትታችሁ ከሲሊካ ጄል ጋር ሳጥን ውስጥ አስቀምጡ። ከ48 እስከ 72 ሰዓት።
6. የፀጉር ማድረቂያ የለም። ሩዝ የለም፤ ዱቄቱ በየቀዳዳው ይገባል።

ውሃው ጨዋማ ወይም ስኳር ያለበት ከሆነ መድረቁን አትጠብቁ። እንዳጠፋችሁት በዚያው ቀን ለጠጋኝ ውሰዱት።

ባትሪና መብራት

መብራት ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉ። ሲመለስም አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ስኩ፤ ቻርጀር የሚያቃጥለው በብዛት መብራቱ ሲመለስ በድንገት ከፍ የሚለው ኃይል ነው። ለወር ለሁለት ወር የማትጠቀሙ ከሆነ ባትሪውን በግማሽ ሞልታችሁ ከካሜራው ውጭ አስቀምጡ። ያበጠ ባትሪ ታግላችሁ አታስገቡ፤ ገብቶ ከተጣበቀ የሚወጣው ካሜራው ተፈቶ ነው።

ለጠጋኝ ስትሰጡ

ሴንሰሩ ላይ ጭረት፣ ሌንስ ውስጥ ሻጋታ፣ ወይም ሹተሩ ላይ የታጠፈ ቅጠል ካያችሁ የእናንተ ሥራ አብቅቷል። ከመስጠታችሁ በፊት ባትሪ፣ ካርድ፣ ማንጠልጠያና ችግር የሌለበትን ሌንስ አስቀሩ። የአካሉንና የሌንሱን ተከታታይ ቁጥር ፎቶ አንሱ። የደረጃ 1ን ፎቶ በስልካችሁ ይዛችሁ ሂዱና ነጠብጣቡን እያሳያችሁ አስረዱት። ስትረከቡ እዚያው ቆማችሁ በኤፍ 22 አንድ ነጭ ወረቀት አንሱ። ሒሳቡን ከዚያ በኋላ ክፈሉ።